ድማሚትና የሠራተኛው ወረቀት

ሥራና ሠራተኛ

ድማሚት ተራራ ይንዳል። ዐለት ይፈረካክሳል። ብዙ ሰው በመዶሻና በዶማ ወር ሙሉ ደክሞ የማይጨርሰውን ሥራ በአንድ አፍታ ይጨርሳል። የመኪና መንገድ በገደል ላይ ሲወጣ፣ የግድብ መሠረት ሲቆፈር፣ ድንጋይ ከካባ ሲወጣ ድማሚት ይሠራበታል። ጥቅሙ አያጠያይቅም።

ነገር ግን ድማሚት ዐለትን ከሰው አይለይም። ያገኘውን ይመታል። ዓይን ያጠፋል። ጆሮ ያደነቁራል። እጅና እግር ይቆርጣል። ይገድላልም።

ድምፁ ቶሎ ያልቃል። ጭሱም ይበተናል። ረጅሙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እግሩን ያጣ ሰው ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል። ታዲያ በምን ይኖራል? ልጆቹስ ምን ይበላሉ? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት በመጀመሪያ ከሩቅ አገር አንድ የታወቀ ታሪክ እንመልከት። ታሪኩ የቆየ ነው። ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ ከእርሻ የመጡ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አገራችን ሕግ እንመለሳለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የፓናማ ቦይ

ፓናማ በሰሜን አሜሪካና በደቡብ አሜሪካ መካከል ያለች አገር ናት። ምድሯ እንደ አንገት የጠበበ ነው። በአንዱ ጎኗ አትላንቲክ የሚባል ውቅያኖስ አለ። በሌላው ጎኗ ደግሞ ፓሲፊክ የሚባለው አለ። ድሮ መርከቦች ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ደቡብ አሜሪካን በሙሉ ይዞሩ ነበር። ስለዚህ ምድሩን ሰንጥቆ መርከብ የሚያልፍበት ቦይ ለማውጣት ታሰበ።

መጀመሪያ ፈረንሳዮች ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ሥራውን ያዘ። ይህ በአገራችን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የጅቡቲ ባቡርም ገና ድሬዳዋ ደርሶ የነበረበት ጊዜ ነው። የፓናማ ቦይ ነሐሴ 9 ቀን 1906 ዓ.ም. ተከፈተ። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ቦይ የቆፈሩት እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ በአካባቢው ካሉ ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ባርቤዶስ ከምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት ብቻ 20,000 ያህል ሰዎች በውል ተቀጥረው ሄዱ። በደሴቲቱ መሬቱ የጥቂት ሰዎች ነበር። ድሃው የሸንኮራ አገዳ እያጨደ ይኖር ነበር። ስለዚህ ብዙ ጎልማሳ ተሻለ ብሎ በመርከብ ተሳፈረ።

በፓናማ ክፍያቸው በሰዓት 10 ሳንቲም ነበር። በቀን 10 ሰዓት ይሠራሉ። ይህ በቀን አንድ የአሜሪካ ዶላር ይሆናል። የደመወዝ መዝገቡም ሁለት ነበር። አንዱ የወርቅ፣ ሌላው የብር መዝገብ ይባል ነበር። በወርቁ መዝገብ የሚጻፉት ባብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። ጥቁሮቹ ሠራተኞች የሚጻፉት በብሩ ነው። የሚሰለፉበት፣ የሚበሉበትና የሚታከሙበት ክፍል ሁሉ የተለያየ ነበር።

አደጋው እንዴት ይደርስ ነበር?

ከሥራው ሁሉ የከፋው ኩሌብራ በሚባለው ተራራ ላይ ነበር። ተራራውን 14 ኪሎ ሜትር ያህል መሰንጠቅ ያስፈልግ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ ዐለቱን ይበሳሉ። በቀዳዳው ድማሚት ይጨምራሉ። ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ሰው ይርቃል፤ ድማሚቱም ይፈነዳል። ከዚያ በእንፋሎት የሚሠሩ ትልልቅ የመቆፈሪያ መኪናዎች የተሰባበረውን ድንጋይ እየዛቁ ባቡር ላይ ይጭናሉ። ለቦዩ ሥራ በጠቅላላው ከ27 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ድማሚት ፈጅቷል።

አደጋው በብዙ መንገድ ይደርስ ነበር። አንዳንዱ ድማሚት በጊዜው ሳይፈነዳ ከድንጋዩ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። በማግስቱ የመቆፈሪያው ጥርስ ሲነካው ይፈነዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ ሰው ሳይርቅ ይፈነዳል። መብረቅም ያፈነዳዋል። ከሩቅ የቆመውንም ሰው የተፈናጠረ ድንጋይ ያገኘዋል።

ከአደጋዎቹ ሁሉ የከፋው ባስ ኦቢስፖ በሚባል ስፍራ ታኅሣሥ 3 ቀን 1901 ዓ.ም. የደረሰው ነው። 22 ቶን ያህል ድማሚት ያለ ጊዜው ፈነዳ።  ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ።

ከአደጋው በኋላስ?

የቆሰለው ሠራተኛ ሆስፒታል ይገባል። በዚያ ዘመን የዛሬው ፀረ ተዋሲያን መድኃኒት አልነበረም። የተቀጠቀጠ እግር ቶሎ ይመረቅዛል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ይቆርጡታል። ሠራተኛው በአንድ እግሩ ከሆስፒታል ይወጣል። ሸንኮራ ማጨድ አይችልም፤ ዐለት መብሳትም አይችልም።

አንዳንዶቹ ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቷቸዋል። እግሩ የሚሠራው ኒውዮርክ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ነበር። ይህን ለማግኘት ግን ማመልከቻ ያስፈልግ ነበር። ሠራተኞቹ ለቦዩ አስተዳዳሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። መጻፍ ያልቻለው ለሚጽፍ ሰው እየነገረ አስጻፈ። መቼ እንደተጎዱ፣ የት እንደተጎዱ፣ ማን አለቃቸው እንደነበረ ዘርዝረው ጠየቁ።

ግንቦት 22 ቀን 1900 ዓ.ም. በአሜሪካ አንድ ሕግ ወጣ። ለመንግሥት በአደገኛ ሥራ ላይ ተሰማርቶ የተጎዳ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ደመወዙን እንዲያገኝ ፈቀደ። የቦዩን ሠራተኞችም ይጨምር ነበር። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ሕጉ ጥብቅ ነበር። አደጋው የደረሰው በሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት ነው ከተባለ አይከፈልም። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ሰውየው እግር ባይኖረውም ክፍያው ያበቃል።

ሠራተኛው ከሞተ ደግሞ ቤተሰቡ በ90 ቀን ውስጥ በቃለ መሐላ የተረጋገጠ ወረቀት ማቅረብ አለበት። እስቲ አስቡት። ልጁ ፓናማ ውስጥ በድማሚት ሞተ። እናቱ ባሕር ማዶ፣ ባርቤዶስ ናት። መርዶው በመርከብ ይመጣል። ወረቀቱም በመርከብ ይሄዳል። ቀኑ ደግሞ ይቆጠራል። የሟቹ ስም በመዝገብ ላይ በትክክል ካልተጻፈስ? እናትነቷን በምን ታረጋግጣለች?

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየውን የጎዳው ድማሚት ነው። ቤተሰቡን ረሃብ ላይ ሊጥል የሚችለው ግን የወረቀት መጥፋት ነው።

ቦዩ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. ገደማ፣ በፓናማ አንድ የታሪክ ማኅበር ለቀድሞዎቹ የቦይ ሠራተኞች ጥሪ አደረገ። ያዩትንና የሠሩትን ጽፈው እንዲልኩ ጠየቃቸው። ሠራተኞቹ አርጅተው ነበር። ቢሆንም ጻፉ። ስለ ፍንዳታው፣ ስለሞቱት ጓደኞቻቸው፣ ስለጠፋው እግርና እጅ ጻፉ። ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ያ የድሃ ሠራተኛ ሕይወት ዛሬ የሚታወቀው ስለተጻፈ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ወደ አገራችን እንመለስ

ዛሬ በአገራችን ብዙ ገበሬ ከአዝመራ በኋላ ወደ መንገድ ሥራ፣ ወደ ካባና ወደ ማዕድን ቁፋሮ ይሄዳል። በእነዚህ ሥራዎች ድማሚት ወይም ሌላ ፈንጂ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ፈንጂ መንካት ያለበት የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ካቦው «ና እስቲ ያዝልኝ» ቢል እንኳ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። «ይህን ሥራ አልተማርኩም» ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የማስጠንቀቂያውን ምልክት ይጠይቁ። ፊሽካ ነው? ባንዲራ ነው? የምንሸሸው ወዴት ነው? ስንት ርቀት ነው?

ሦስተኛ፣ ከፍንዳታው በኋላ ኃላፊው ቦታውን አይቶ «ግቡ» ሳይል አይግቡ። አምስት ቀዳዳ ተሞልቶ አራት ድምፅ ከተሰማ አንዱ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ያልፈነዳ ድማሚት ያለበትን ቀዳዳ እንደገና መብሳት፣ በብረት መቆርቆር ወይም መጎተት ሞት ነው። በፓናማ ብዙ ሰው የጨረሰ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ፈንጂ ባለበት አካባቢ ሲጋራና እሳት አይቅረቡ። ሰማዩ ከጠቆረና መብረቅ ከመጣ ከቦታው ይራቁ።

አምስተኛ፣ የተረፈ ድማሚት፣ ገመድ ወይም መለኮሻ ወደ ቤት አይወሰድም። መለኮሻው ትንሽ ስለሆነ ልጆች መጫወቻ ይመስላቸዋል። ጣታቸውንና ዓይናቸውን ያጠፋል። ወድቆ ካገኙም አይንኩት፤ ለኃላፊው ይናገሩ።

ስድስተኛ፣ ድማሚት ሳይፈነዳም ይጎዳል። በውስጡ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ነገር ያለበት ዓይነት አለ። በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ብርቱ ራስ ምታትም ያመጣል። የእጅ ጓንት የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለ ሥራው አደገኛነት ማስተማር አለበት። የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠት አለበት። አደጋ ሲደርስም መመዝገብና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት።

ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብሎ አያመልጥም። ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ግን ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ክፍያ አያገኝም። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘም ሆን ብሎ እንደጎዳ ይቆጠርበታል። እንግዲህ ከድማሚት ሥራ በፊት አረቄ መጠጣት በሁለት በኩል ይጎዳል። አካልንም ያሳጣል፤ መብትንም ያሳጣል።

አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ ወዲያው የመጀመሪያ ርዳታ ይሰጣል። በተስማሚ መጓጓዣ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያደርሰዋል። የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል። እግር ወይም እጅ የተቆረጠ ከሆነ የሰው ሠራሽ አካሉም ወጪ በአሠሪው ነው።

ሠራተኛው እየታከመ ሥራ መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል። በሒሳብ እንየው። ደመወዙ በወር 3,000 ብር ነው እንበል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። በወር 3,000 ብር ነው።

በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በወር 2,250 ብር ነው።

በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በወር 1,500 ብር ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነስ? የጉዳቱን መጠን የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ሠራተኛው በጡረታ የታቀፈ ወይም በመድን የተገባለት ከሆነ በዚያው ደንብ ይስተናገዳል። በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነ አሠሪው በአንድ ጊዜ ይከፍለዋል። ፈጽሞ መሥራት የማይችል ሰው የ5 ዓመት ደመወዙን ያገኛል። በወር 3,000 ብር በዓመት 36,000 ብር ነው። በ5 ሲባዛ 180,000 ብር ይሆናል። ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ከተባለ የዚህ 40 በመቶ፣ ማለትም 72,000 ብር ያገኛል።

በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ከሞተም የ5 ዓመት ደመወዙ ለጥገኞቹ ይሰጣል። ሚስት ወይም ባል 50 በመቶ ይወስዳሉ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እያንዳንዱ 10 በመቶ ይወስዳል። ሟቹ ይጦራቸው የነበሩ እናትና አባትም እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይወስዳሉ።

ወረቀቱን ይያዙ

ሕጉ ይህን ያህል ካለ ሰው ለምን ባዶ እጁን ይቀራል? ብዙ ጊዜ ማስረጃ በማጣት ነው። «እዚህ ሠርቼ አላውቅም እንዴ?» ቢል «ስምህ የለም» ይባላል። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚከተለውን ያድርግ።

በተቀጠሩበት ቀን የተጻፈ ውል ይጠይቁ። ውሉ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ይህን ባያደርግም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ቢሆንም ወረቀቱ ቢኖር ይሻላል።

በደመወዝ ቀን ፔሮሉ ላይ የራስዎን ስም ያንብቡ። የአባት ስም በትክክል ተጽፏል? የቀኑ ብዛት ልክ ነው? ሳያነቡ አይፈርሙ።

«የደህንነት ትምህርት ተሰጥቶኛል» የሚል ወረቀት ቢመጣ ትምህርቱ ሳይሰጥዎ አይፈርሙ። አደጋ ቢደርስ «አስተምሬው ነበር፤ እምቢ ብሎ ነው» ሊባል ይችላል።

አደጋ ከደረሰ በዚያው ቀን ይጻፉ ወይም ያስጽፉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር፣ አብረው የነበሩ ሰዎች ስም ይኑርበት። የሐኪም ወረቀቱን ዋናውን በቤት ያስቀምጡ፤ ለመሥሪያ ቤት ቅጂውን ይስጡ።

ተጎድተው ተኝተው ሳለ «ይህን ብር ተቀበልና እዚህ ላይ አሻራህን አድርግ» የሚል ሰው ቢመጣ ይጠንቀቁ። ወረቀቱ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ሊሆን ይችላል። የሚያምኑት ሰው ያንብብልዎ። ቅጂውንም ይጠይቁ።

ቀን አያሳልፉ። ስለ ሥራ የሚቀርብ ጥያቄ በጠቅላላው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ከዚህ ያነሰ ጊዜ የተወሰነላቸው ጉዳዮችም አሉ። ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ በወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ላለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም ለፍርድ ቤት በጊዜ ያመልክቱ።

ከሁሉም በላይ ለቤተሰብ ይንገሩ። ወረቀቱ የት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሚስት ትወቅ፤ ባል ይወቅ። አሠሪው ማን እንደሆነ፣ የሥራው ቦታ የት እንደሆነ ይወቁ። የባርቤዶሷን እናት አስቡ። ዘጠና ቀን የተቆጠረው በእርሷ ላይ ነበር።

መወያያ ጥያቄዎች

1. ከፍንዳታ በኋላ ወዲያው ወደ ሥራው ቦታ መግባት ለምን አደገኛ ነው?

2. በአካባቢያችሁ ፈንጂ የሚጠቀም ካባ ወይም የመንገድ ሥራ አለ? ማስጠንቀቂያው ምንድን ነው? ልጆችስ ያውቁታል?

3. የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 4,000 ብር ነው። በጡረታ አልታቀፈም። የደረሰበት ዘላቂ ጉዳት 25 በመቶ ነው ተባለ። አሠሪው ስንት ብር ይከፍለዋል? አስሉና መልሱን ከጓደኛችሁ ጋር አስተያዩ።

4. ከቤታችሁ ለሥራ ርቆ የሄደ ሰው አለ? የአሠሪውን ስምና የሥራውን ቦታ ጽፋችሁ ይዛችኋል? ካልያዛችሁ ዛሬ ጻፉት።